ስለ አሮጌ አውቶሞቢልና ስለ አዲስ ሐሰት

በወልቂጤና በቡታጅራ ወጣቶች ዘንድ «ምቀኛው መምህር» የሚል ስም እንደ ወጣልኝ ሰምቻለሁ። ስሙን ማን እንዳወጣው አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅም ያስተማርሁት ልጅ ሆኖ ይገኝና ለእኔም ለእሱም ኀፍረት ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው ክፉ ስም ሲወጣለት ዝም ካለ እንዳመነ ይቆጠራልና፣ ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ ለማስረዳት ይህን ጻፍሁ። የምጽፈው ለመታረቅ አይደለም፤ ለመከራከር ነው። ክርክራችንም ስለ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢልና ስለ አንዲት ገጽ ወረቀት ነው። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ እስከ መጨረሻው ታግሠህ አንብበኝ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ የሚገባኝ መስሎ ከታየህ በአደባባይ ጥራኝ።

ከአርባ ዓመት ግድም በፊት በቡታጅራ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ዛሬ በአሜሪካ ይኖራል። አእምሮው ብሩህ፣ እጁም ለጋስ ነው፤ ለብዙ የዘመድ ልጆች የትምህርት ገንዘብ እንደሚልክ አውቃለሁ። አባቱ ከመስቃን ገጠር በአሥራ ሁለት ዓመታቸው በእግራቸው ተጉዘው አዲስ አበባ የገቡ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ ሊስትሮ ሆኑ፤ ቀጥሎ ሱቅ በደረቴ አዞሩ፤ በመጨረሻም እቁብ ሲደርሳቸው ከሌላ ሰው እጅ አንዲት ሴቼንቶ ገዝተው ታክሲ ነጂ ሆኑ።

ሴቼንቶን እናንተ አላያችኋትም። ቃሉ ጣልያንኛ ሲሆን ስድስት መቶ ማለት ነው። ፊያት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1955 ለገበያ ያወጣት፣ ዳንቴ ጃኮሳ የተባለው መሐንዲስ የነደፋት፣ ሦስት ሜትር ተኩል እንኳ የማትሞላ ትንሽ አውቶሞቢል ናት። ሞተሯ እንደ ቮልስዋገን ከኋላ ነው፤ ነገር ግን የቮልስዋገን ሞተር በነፋስ ሲቀዘቅዝ የእሷ በውሃ ይቀዘቅዛል። ሞተሯ መጀመሪያ 633፣ ኋላ ደግሞ 767 ሲሲ ነበር፤ ይህም ማለት ከትልቅ ሞተር ብስክሌት እምብዛም የማይበልጥ ነው። እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት በራቸው የሚከፈተው ወደ ኋላ ነበር። ሰው ሲገባባት በሩን ገልጦ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይላል እንጂ አይጎነበስም። አዲስ አበባ በእነዚህ ሰማያዊና ነጭ በተቀቡ ትንንሽ ታክሲዎች የተሞላችበት ዘመን ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እኚህ ሰው ለመስቀል ሴቼንቷን እየነዱ ቡታጅራ ገቡ። መንገዱ ጠጠር ነበር። መኪናዋ አቀበት ስትወጣ ውሃዋ ስለ ፈላ ኮፋኗ ከኋላ ተከፍቶ፣ እንፋሎቷ እንደ ድስት እየጨሰ ደረሰች። እኛ ልጆች መኪና ውሃ ይጠማዋል ብለን በቅልና በጣሳ ውሃ ለማምጣት ተሽቀዳደምን። ሰውየው ከጋቢናው ወጥተው ጫማቸውን በመሐረብ ጠረጉና (ሊስትሮ የነበረ ሰው ጫማው አቧራ ሲለብስ አይወድም) እያንዳንዳችንን በተራ አስገብተው ክላክሱን አስነፉን። እኔ የነፋሁትን ዛሬም እሰማዋለሁ። ስለዚህ ያ ተማሪዬ የአባቱን መኪና ቢወድ አልፈርድበትም፤ እኔም እወዳታለሁና።

አባቱ ካረፉ በኋላ ልጁ እንደዚያች ያለች ሴቼንቶ ለመግዛት ቆርጦ ተነሣ። ስምንት ዓመት ፈለገ። እንዲሁ ያገኘውን አልገዛም፤ በሩ ወደ ኋላ የሚከፈት፣ የአባቱ መኪና በተሠራችበት ዓመት የተሠራች፣ የሻንሲ ቁጥሯና የሞተር ቁጥሯ ከጣልያን የአውቶሞቢል መዝገብ ጋር የሚስማማ እንድትሆን ፈለገ። ጣልያኖች ለአሮጌ መኪና ያላቸው ፍቅር የሚያስገርም ነው። የቀድሞዋን ጥቁር ታርጋ ያልለወጠች መኪና በዋጋ ትበልጣለች፤ የወለሏ ላሜራ ዝገት ያልበላው ከሆነማ እንደ ሙሽራ ትታያለች። ሴቼንቶ ደግሞ የምትዝገው ከሥር ነው፤ ላይዋ በስቱኮና በቀለም ተውቦ ሥሯ እንደ ወንፊት የተበሳ ሆና የምትሸጥበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ገዢው ሰው ልኮ ሆዷን በባትሪ ብርሃን ማስመርመር አለበት። ተማሪዬ ሁለት ጊዜ ተታልሎ ሊገዛ ሲል ተርፏል። በሦስተኛው ከቶሪኖ ከተማ ብዙም በማይርቅ መንደር፣ በአንድ ሽማግሌ መጋዘን ውስጥ፣ ሸራ ለብሳ የተቀመጠች አገኘ። ፎቶግራፏን በስልኬ ላከልኝ። ያችው ናት! ዋጋዋንም ነግሮኛል፤ ለመጻፍ ግን አፍራለሁ።

እስከዚህ ድረስ የሠራው ሥራ ሁሉ ንጹሕ ነበረ። ጭንቁ የመጣው መኪናዋን ወደ ቡታጅራ ማምጣት በፈለገ ጊዜ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ብዙ ዘመን ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ አምስት መቶ በመቶ የሚደርስ ግብር ጫነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። እንግዲህ የስድሳ ዓመት ዕድሜ ያላት፣ ቤንዚን የምትጠጣ ሴቼንቶ ከጅቡቲ ወደብ ተሻግራ ሞጆ ደረቅ ወደብ ስትደርስ ምን እንደሚላት መገመት አያዳግትም።

ያን ጊዜ ልጁ ስልክ ደወለልኝ። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «መላ አግኝቻለሁ።» መላውም ይህ ነበር፤ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ስም ደብዳቤ ይጻፋል፤ ደብዳቤውም መኪናዋ ለተማሪዎች ማስተማሪያ እንድትሆን ከውጭ አገር የተሰጠች ስጦታ መሆኗን ይናገራል፤ እኔም በአካባቢው የታወቅሁ አረጋዊ መምህርና የወላጆች ኮሚቴ አባል ስለ ነበርሁ ከሌሎች ጋር እፈርማለሁ። መኪናዋ ከገባች በኋላ ለአንድ ሳምንት ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውስጥ ቆማ ፎቶግራፍ ትነሣለች፤ ከዚያም ወደ ባለቤቷ ትሄዳለች። ለመስቀልም በቡታጅራ አደባባይ ትዞራለች። «ለትምህርት ቤቱም አንድ ነገር አደርጋለሁ» ሲል ጨመረልኝ። አልዋሸም፤ ያደርግ ነበር።

አልፈርምም አልሁት።

ወሬው ከአሜሪካ ዞሮ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ ዞሮ ወልቂጤ ደረሰ። መልሱንም ከእናንተው ሰማሁ። «ሽማግሌው መኪና ስለሌለው ነው»፣ «ለአንዲት ፊርማ እንዲህ መኩራት!»፣ «የአባቱን መታሰቢያ ከለከለው» ተባለ። በወልቂጤ አንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ከጀርባዬ ሁለት ጎረምሶች ይህንኑ ሲጫወቱ ሰምቻለሁ። ከወንበሬ ዞሬ «እኔ ነኝ» ብላቸው ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን ቡናዬ እንዳይቀዘቅዝ ተውሁት።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ።

አንዳንዶቻችሁ አሮጌ መኪና ቆርቆሮ አይደለም፣ ታሪክ ነው ትላላችሁ። በዚህ ከእናንተ ጋር ነኝ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በአንዲት ቮልስዋገን ነበር። በዚያ ግቢ ስንት የከበረ አውቶሞቢል ቆሞ ሳለ፣ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ የሚያነሣው ያችን ትንሽ መኪና ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የቀድሞ አውቶሞቢሎችም በቅርብ ዓመት ለጎብኚ በተከፈተው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ይታያሉ፤ ሄዳችሁ ብታዩ ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ ታስተምራችኋለች። ደግሞም የአንድ ሊስትሮ ታክሲ ከንጉሥ ሠረገላ ያነሰ ታሪክ አላት የሚል ሰው ቢኖር ከእሱም ጋር እጣላለሁ።

ነገር ግን ታሪክ ካላችሁ ታሪኩን በሙሉ አንሡት። አውቶሞቢል ከባሕር ማዶ ማስመጣት በአገራችን የተጀመረው በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ፣ አርኖልድ ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊም በዚያው ወራት ናኬ ከተባለ የጀርመን ፋብሪካ የወጣች መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገቡ። ባቡር የሚደርሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ነበርና ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ በረሓና ገደል፣ ወንዝና ጭቃ ነበር፤ መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም። ታዲያ ምኒልክ ምን አደረጉ? መኪናዋን ተቀብለው በግቢያቸው አቁመው ሲያደንቁ አልቀሩም። ተሰማ እሸቴን፣ ያንን ኋላ ነጋድራስ የተባለውን ባለቅኔና ድምፀ መልካም ሰው፣ ወደ ጀርመን ልከው የአውቶሞቢልን ነገር እንዲማር አደረጉ። እሱም እግረ መንገዱን ድምፁን በሸክላ አስቀርጾ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ከባሕር ማዶ ዕቃ ሲመጣ ወዲያው ዕቃውን የሚያውቅ እጅ ለማስገኘት ሰው ተላከ። የተማሪዬ መላ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ መኪናዋ ተማሪዎችን እንድታስተምር አትመጣም፤ ተማሪዎቹ ናቸው መኪናዋን እንዲያሻግሩ ስማቸው የሚጠራው።

የገዛ አገራችሁንም ታሪክ ልጨምርላችሁ። አባቶቻችን አውቶሞቢል ሳያዩ መንገድ ያውቁ ነበር። ጀፎረ የምንለው፣ በመንደሩ መካከል ሰፍቶ የተዘረጋው ባለ ሣር ጎዳና፣ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ቀብር የሚወጣበት፣ ሠርግ የሚታለፍበት፣ ልጅ የሚጫወትበት፣ ከብት የሚያልፍበት ነው። ባለጠጋም ቢሆን አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረ ገፍቶ ሊተክል አይችልም፤ በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሕግ ይጠየቃልና። ሌሊት ተነሥቶ አጥሩን በጥቂቱ የሚገፋ ሰው «ማን ተጎዳ? ሣር ነው» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሌሊት የተጎዳ ሰው የለም። ግን እያንዳንዱ ጎረቤት እንዲሁ አንድ ክንድ ቢገፋ በሃያ ዓመት ጀፎረው የፍየል መንገድ ይሆናል። የሕዝብ ማኅተምም እንደ ጀፎረ ነው።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በዓለም ገና በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ ለሚዘልቀው መንገድም እንዲሁ ማኅበር ቆመ። ነጋዴው ከትርፉ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ሊስትሮውም ከሳንቲሙ አዋጣ፤ መንግሥትም በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በኩል ድርሻውን ጨመረ። የተማሪዬ አባት ከአዋጪዎቹ አንዱ ነበሩ። ሴቼንቷ በ1961 ዓ.ም. እየጨሰች ቡታጅራ የገባችው በዚያ መዋጮ በተጠረገ መንገድ ነው! እኚያ ሰው መኪና ከመግዛታቸው በፊት ለመንገድ ከፈሉ። ማኅበሩ ሲያዋጣ እያንዳንዷ ብር በደረሰኝ ተቆርጣ ነበር የምትገባው፤ ደረሰኙን ብዙ ቤተሰብ እንደ ክታብ አጣጥፎ አኑሮታል። የወረቀት ክብር ማለት ይህ ነው። ወረቀቱ «አምስት ብር ተቀብለናል» ካለ አምስት ብር ተቀብለዋል ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ወረቀት የተሠራን መንገድ በሐሰተኛ ወረቀት በገባች መኪና መርገጥ ለአባት መታሰቢያ ይሆናልን? እኔ አይመስለኝም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ክርክሬን ለማሳመር የማልጠቀምበት ነገር አለ። አንድ ወዳጄ «ለምን ወልቂጤ በውሃ ጥም ሕዝቡ ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት መኖሩን አንሥተህ፣ ይህን ገንዘብ ለቧንቧ ቢሰጥ ኖሮ አትለውም?» አለኝ። አልልም። ይህ የሰነፍ ክርክር ነው። ገንዘቡ የእሱ ነው፤ በላቡ ያገኘውን ባማረው ነገር ላይ ቢያወጣ ማንም አይጠይቀውም። ሰው በወደደው ነገር ሁሉ ላይ ድሀን እያስቀደሙ መከልከል ፍቅርን ማድረቅ ነው፤ የሚከለክለውም ሰው ራሱ ብዙ ጊዜ ለድሀው ምንም አይሰጥም። መኪናዋን ይግዛ። ጣልያን አገር ሄዶ ይንዳት። እኔ የተጣላሁት ከደብዳቤው ጋር ብቻ ነው።

«ሕጉ ራሱ ጨካኝ ነው» የምትሉም አላችሁ። ሊሆን ይችላል። ለአባት መታሰቢያ አንዲት መኪና የሚያመጣ ሰውና በመርከብ አሮጌ መኪና ጭኖ የሚነግድ ሰው በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ ቅር ሊል ይችላል። እንግዲያስ ይህን ጻፉና ለሚመለከተው አቅርቡ፤ እኔም ከሥሩ ሙሉ ስሜን እፈርማለሁ። ለዚያ ወረቀት ግን ፊርማዬን የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሁለቱን ወረቀቶች አስተያዩ፤ አንዱ ሕጉን ፊት ለፊት ይሞግታል፣ ሁለተኛው በጓሮ በር ሾልኮ ያልፋል። በጓሮ የሚያልፍ ሰው ሕጉ እንዲሻሻል አይፈልግም፤ ለእሱ ጓሮው ይበቃዋልና።

«ማን ተጎዳ?» ለሚለው ጥያቄያችሁ ግን መልሴ ረጅም ነው፤ ምክንያቱም ከአንድ ጊዜ በፊት እኔም ራሴን በዚህ ጥያቄ አታልያለሁ።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በወልቂጤ ሳስተምር አንድ ጎልማሳ ወደ ቤቴ መጣ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የትምህርት ማስረጃ ያስፈልገው ነበር። ያስተማርሁት ነው፤ ነገር ግን አራተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ነበር ትቶ የሄደው፤ ፊደልንም በቅጡ አይለይም። እናቱ ባልቴት፣ ታናናሾቹ ብዙ ነበሩ። የሚያስፈልገውን ክፍል እንዳጠናቀቀ አድርጌ ጻፍሁለት፤ ፈረምሁለት። ማኅተሙንም ራሴ መታሁት። ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ፤ አንድ ቤተሰብ አዳንሁ ብዬ ነበርና። ልጁም የጭነት መኪና ነጂ ሆነና ለሁለት ዓመት ያህል ደኅና ሠራ፤ ለእናቱ ቤት የቆርቆሮ ክዳን አለበሰ። ሲያገኘኝ ቆሞ እጅ ይነሣኝ ነበር።

በአንድ ክረምት የአንድ ወንዝ ድልድይ በጎርፍ ተጎዳ። ከድልድዩ ወዲህ በሰሌዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ድልድዩ ተጎድቷል፣ በተለዋጭ መንገድ እለፉ የሚል ማስታወቂያ ተተክሎ ነበር። እሱ ሌሊት ደረሰ። ሰሌዳውን በመብራቱ አይቶታል፤ ይህን ኋላ ራሱ ነገረኝ። «የሆነ ጽሑፍ ነበረ፣ ጋሼ» አለኝ። መኪናው ከነጭነቱ ወንዝ ገባ። እሱ ቀላል ጉዳት ደረሰበት፤ ረዳቱ ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበረ፣ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አጣ።

የፊርማዬ ነገር በማንም ፊት አልተነሣም። ትራፊክ ፖሊስ አልጠየቀኝም፤ የመኪናው ባለቤት አልጠየቀኝም፤ የልጁም እናት አልጠየቀችኝም። ሌሊትና ዝናብ ነበር፣ ማንበብ የሚችልም ሰው ሊሳሳት ይችል ነበር ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ተከራክሬለታለሁ። ሊሆንም ይችላል። ያ ረዳት ጎልምሶ በምርኩዝ እየሄደ በወልቂጤ ገበያ ጥቃቅን ነገር ሲሸጥ ለብዙ ዓመት አይቸዋለሁ። ክብሪት እገዛው ነበር። በቤቴ ምን ያህል ክብሪት እንደ ተከማቸ ባለቤቴ ትመሰክራለች፤ ለምን እንደምገዛ ግን እስከዚህ ቀን ድረስ ለእሷም አልነገርኋትም። ይህን ጽሑፍ ስታነብ ታውቀዋለች።

እንግዲህ «ለአንዲት ፊርማ መኩራት» ላልኸኝ ወጣት መልሴ ይህ ነው። የኮራሁ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ የፈራሁ ነኝ።

በሴቼንቷ ጉዳይስ ማን ይጎዳ ነበር? ስሙን አላውቀውም፤ ምናልባትም ገና አሥር ዓመቱ ይሆናል። ነገ ከአንድ አገር አንድ እውነተኛ ሰው ተነሥቶ ለዚያው ትምህርት ቤት እውነተኛ ሞተር፣ እውነተኛ የማርሽ ሳጥን፣ ተማሪ ፈትቶ የሚገጥመው ነገር ሊልክ ይችላል። ያን ጊዜ የጉምሩክ ሹሙ ወረቀቱን አይቶ «የባለፈችውም ሴቼንቶ ማስተማሪያ ነበረች፤ ለመስቀል ስትዞር አይተናታል» ይላል። ሞተሩም በወደብ ዝናብ ሲመታው ይከርማል፤ ያ ልጅ ካርቡራቶርን ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሥዕል ይማራል። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በጠመኔ ሥዕል ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህራችን አንድ ቀን የገዛ ሞተር ብስክሌታቸውን ከክፍላችን አስገብተው ካንዴላውን ፈትተው በእጃችን አስያዙን። ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ከፊዚክስ ትምህርቴ ዛሬ በደንብ የቀረኝ የዚያች ካንዴላ ክብደት ነው።

«ሁሉ ሰው ያደርገዋል» ለሚለው መልስ አልሰጥም። አርባ ዓመት ፈተና ስቆጣጠር ከኮራጅ ሁሉ የሰማሁት ቃል ይኸው ነው፤ ወረቀቱን ሳልቀማው የቀረሁ አንድም የለም።

አሁን ሌላ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህ እናንተም ተማሪዬም ያልጠበቃችሁት ነው። ደብዳቤውን እንቢ ካልሁ በኋላ ልቤ አላረፈም፤ ለልጁ አንድ ነገር ላደርግለት ይገባል አልሁ። የአባቱ የራሳቸው መኪና የት ደረሰች? ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ። እሷን የፈለገ ማንም አልነበረም፤ ሁሉም እሷን የምትመስለውን በባሕር ማዶ ሲፈልግ ነበር። ከቡታጅራ ጋራዥ ወደ ጋራዥ፣ ከጎሚስታ ወደ ጎሚስታ ዞርሁ። ወጣቶቹ መካኒኮች «ሴቼንቶ? አባቴ ያውቅ ይሆናል» ይሉኛል። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ያቆሙ አንድ አዛውንት ቤት ደረስሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጣቶቻቸው ግን እንደ ጉጠት የጠነከሩ ናቸው። የሰውየውን መኪና ሃያ ዓመት ያህል የጠገኑት እሳቸው ኖረዋል። መለዋወጫ በጠፋበት በደርግ ዘመን የራዲያተሯን ቀዳዳ እንዴት በቆርቆሮ ብየዳ እንደ ደፈኑ፣ የፍሪሲዮኗን ሸራ ከካሚዮን አሮጌ ሸራ ቆርጠው እንዴት እንደ ለበጡ፣ የበሯን ማጠፊያ በአንጥረኛ እንዴት እንዳሠሩ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ተረኩልኝ። ተናግረው ሲያበቁ «እንሂድ» አሉኝና ምርኩዛቸውን አነሡ።

ከአውቶቡስ ጣቢያው ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከእንሰቱ ጀርባ ቆማለች። ጎማ የላትም፤ ቸርኬዎቿ በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የፊት መስተዋቷ የለም። ቀለሟ ግን፣ ከበሩ ሥር ዝገቱን በጥፍሬ ፋቅ ሳደርገው፣ ያው ሰማያዊ ነው። በውስጧ የባለቤቲቱ ዶሮዎች ይኖሩባታል፤ በኋላ ወንበር ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋ ነበር። አዛውንቱ መካኒክ ኮፋኑን ከኋላ ከፍተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ። «ሞተሩ አልተነካም» አሉ። እኔ በመሪው ላይ እጄን አኑሬ ክላክሱን ተጫንሁ፤ ባትሪ የሌላት መሆኗን ረስቼ ነበር። ሳቁብኝ።

ለተማሪዬ ጻፍሁለት። የቶሪኖዋን እዚያው ተዋት፤ በዓመት አንድ ጊዜ ሄደህ ንዳት፤ የአባትህ መኪና ከአገር አልወጣችም፤ ግብርም ቀረጥም ፈቃድም አትሻም። እኚህ ሽማግሌ ደኅና ሳሉ፣ ለሁለት ዓመት የእጃቸውን ዋጋ ክፈላቸውና አራት አምስት ወጣቶች አጠገባቸው ቆመው እየፈቱ እየገጠሙ ይማሩባት፤ መለዋወጫውን ከጣልያን ግዛና ቀረጡን ከፍለህ ላክ፤ ያን ጊዜ «ለተማሪዎች ማስተማሪያ ናት» የሚል ወረቀት ካስፈለገ እኔው ጽፌ እኔው እፈርማለሁ አልሁት። ፎቶግራፏንም ላክሁለት፤ ዶሮይቱም ትታያለች።

መልሱ አጭር ነበረ። «ጋሼ፣ ይህች እኮ አልቃለች» ይላል። ተቆጥቶም ይሆናል፤ አዝኖም ይሆናል፤ በስልክ ጽሑፍ አይለይም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ሆነው፣ አልደወለም። የቶሪኖዋ እስከ አሁን ሸራዋን ለብሳ ከመጋዘኗ እንዳለች ከዘመዶቹ ሰምቻለሁ። ሌላ ፈራሚ ፈልጎ እንደሆነ አላውቅም፤ ፈልጎ ካገኘም ያ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነበው እወዳለሁ።

አዛውንቱ ግን የእሱን መልስ አልጠበቁም። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ከጋራዡ መንደር ሁለት ልጆች ይዘው፣ ላምባ በጣሳ አድርገው ካርቡራቶሩን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። አንደኛው ልጅ፣ እንደሚመስለኝ፣ «ምቀኛው መምህር» ከሚሉኝ አንዱ ነው፤ ሲያየኝ አንገቱን ደፋ። ካንዴላውን አንሥቼ በመዳፉ ላይ አኖርሁለት። ሥራው ገና ብዙ ነው፤ ባለቤቲቱም ቀይዋ ዶሮ ጫጩቶቿን ሳትፈለፍል የኋላውን ወንበር ማንም እንዳያነሣ ከልክላለች።